ማንም የማያውቀው ቃል

ጥቅምት 6

ትናንት ማምሻውን ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ገባን። የወንድሜ የወዳጆ መኪና ለፍሬን ጋራዥ ገብቶ ስለነበር በሌላ ሚኒባስ ነው የሄድነው። እማዬ መንገዱን ሁሉ ተኝታ መጣች።

ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ ነው የነገረችኝ። ቆሽቷ ላይ ዕጢ አለ። «ከቻላችሁ ሳትዘገዩ አዲስ አበባ አድርሷቸው። የሚቆረጥ ከሆነ ምናልባት ይቆርጡላቸዋል» አለች። ምናልባት አለች። ከቻላችሁ አለች።

ስወጣ እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«ምን አለችሽ እፀገነት?»

«ጨጓራ ነው አለች።»

«ለጨጓራ ይህን ያህል ሰዓት?»

«ወረፋ ነበር።»

ለእሷም ለወዳጆም አልነግርም። ወዳጆ ከሰማ በዚያው ቀን መኪናው ላይ ይጭናታል፤ እሷም ለእሱ ስትል እሺ ትላለች። አባቴን እንደዚያ አድርገን ወስደነው ነበር። ቆርጠው ከፈቱት፣ አይተው መልሰው ሰፉት፤ በሳምንቱ ሬሳውን ይዘን ተመለስን። እማዬ ኮሪደር ላይ እንድትሞት አልፈልግም። ምክንያቴ ይህ ነው።

ይህን ደብተር በማስተምርበት ትምህርት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ነው የማስቀምጠው፤ የሐኪሟን ማስተላለፊያ ወረቀትም አብሬ። ቤት የማይሆን ነው። እማዬ ዳዊት የደገመች ሴት ናት፤ ፊደል ያለበትን ሁሉ፣ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር፣ ድምፅዋን አውጥታ ታነባለች።

ጥቅምት 8

ለጥቂት ተረፍኩ።

ወዳጆ ለምሳ መጥቶ «ስልክሽን ስጪኝ፣ የኔ ባትሪ ዘግቷል። የጎማ ዋጋ ልይ» አለኝ። ሳላስብ ሰጠሁት። «የ» ብሎ እንደጀመረ ስልኩ ትናንት እኔ የጠየቅሁትን አወጣለት።

«የቆሽት ዕጢ ይድናል ወይ» ብሎ አነበበ። «ይሄ ምንድነው?»

«ለባዮሎጂ ክበብ ነው።»

«አንቺ ጂኦግራፊ አይደለሽ እንዴ?»

«ጓደኛዬን እያገዝኩ ነው።»

ሳቀ። «መምህር ምን ሥራ አለው» ብሎ ወደ ጎማው ሄደ።

ስልኬን የቤቱ ስልክ በሉት። የእማዬ ትንሿ ስልክ ከተሰበረች ወዲህ ዘመድ ሁሉ በእኔ ላይ ነው የሚደውልላት። ወዳጆም ሲመጣ ከኪሴ ያወጣዋል።

ጥቅምት 10

የኮምፒውተር መምህራችንን ምንይሉን ጠየቅሁት። ልጅ እግር ነው። ያላለቀ ፕሮግራም ከተባለ ስልኩ ላይ የማይጭነው የለም። ከስልኩ የተማሪ ስም ሲጠራ ስልኩ ይደርቅና ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ተማሪዎቹ «የቲቸር ስልክ እንደ ቲቸር ነው፣ ሁልጊዜ ልምምድ ላይ» ይሉታል። እሱም ይስቃል።

«አንዲት ጓደኛዬ ባሏ እንዳያይባት የምትፈልገው ነገር አለ» አልኩት።

«ሁሉም ሰው እንዲህ ያለች ጓደኛ አለችው» አለና ስልኬን ተቀበለኝ። አንድ ብራውዘር ጫነልኝ። የት እንደገቡ አይከታተልም፣ ለማንም አይናገርም፣ ሲዘጉት የጠየቁትን ሁሉ ይረሳል አለኝ። ሞከርኩት። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፤ ነጭ ገጽ። እጄን የታጠብኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 15

ኔትወርክ ከሄደ ሰነበተ። እማዬ ትናንት የበላችው አልረጋም። የሚስማማትንና የማይስማማትን ምግብ አንብቤ ነበር፤ ስዘጋው አብሮ ጠፍቷል። ቅባት ነው የተከለከለው ወይስ ጥራጥሬ? አንድም አላስታውስም። ወረቀት ላይ መገልበጥ አልችልም።

የሚረሳ ነገር ፈልጌ አገኘሁ። አሁን ደግሞ ረሳብኝ ብዬ እከስሰዋለሁ።

ጥቅምት 19

ዛሬ ሜዳው ላይ አንድ ጥግ ኔትወርክ ነበር። መምህራን ሁሉ እዚያው ቆመን ስልካችንን ሰማይ እናሳያለን።

ምንይሉ መላ አለኝ አለ። የዚያው ብራውዘር የሙከራ ስሪት ወጥቷል፤ ቤታ ይለዋል። ቁልፍ ያለው ሳጥን አለው። ገጹን እዚያ ካስገባሁት ኔትወርክ ባይኖርም ይነበባል። የጠየቅሁትን ጥያቄም ከነቀኑ ያስቀምጣል። ያለ ቃል አይከፈትም።

«ግን ቤታ ነው ቲቸር። አልበሰለም። ቢያምዎት እንዳይወቅሱኝ።»

«ምን ሊሆን ይችላል?»

«እንቢ ሊል ይችላል። ያስቀመጡትን ሊበላብዎት ይችላል። ሳያዙት ሊናገር ይችላል።»

«ታዲያ አንተ ለምን ትጠቀማለህ?»

«እኔማ የምደብቀው የለኝም።»

ጫንኩት። እስከ ደወሉ ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ እንደገና ጠይቄ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁ። ሁለት ጊዜ በራሱ ተዘጋ። በተዘጋ ቁጥር «ስህተቱን ለሠሪዎቹ እንላክ?» ይላል። አይሆንም የሚለውን ነካሁ።

«ይላኩላቸው እንጂ» አለ ምንይሉ። «በነፃ የሰጡን ለዚህ ነው።»

የእኔን ስህተት ማን አይቶ ምን ሊያደርገው ነው?

ጥቅምት 27

እማዬ ከታናሽ እህቷ ከእታገኝ ጋር ስታወራ ነበር። አክስቴ ያለችው ዘመሮ ነው። እማዬ ስልክ ጆሮዋ ላይ አትይዝም፤ ፊቷ ላይ ዘርግታ፣ ድምፁን ለቃ ነው። እኔ ድንች እልጣለሁ። ስልኩ ጮኸ። እማዬ አነበበች፣ በዳዊት ዜማዋ፣ ፊደል በፊደል።

«ያ-ል-ጨ-ረ-ሱ-ት ገ-ጽ አለ። የ-ቆ-ሽ-ት…»

«ምን አልሽ ጌታነሽ?» አለች እታገኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ ስልኩ ነው። ስለ ቆሽት ያወራል።»

«የማን ቆሽት?»

«የማን ይሆን? የእኔማ በልጆቼ ካረረ ቆየ።»

ሁለቱም ሳቁ። ተነሥቼ ወሰድኩት፤ የድንች ልጣጭ እጄ ላይ እንዳለ። ማስታወቂያው መስታወቱ ላይ ነበር፦ «ያልጨረሱት ገጽ አለ፦ የቆሽት ዕጢ የመጨረሻው ደረጃ»። እኔ ያላዘዝኩት ነው። ትናንት ሌሊት ራሱን አድሶ ይህን አዲስ ጠባይ አመጣ።

እስከ መጨረሻው አላነበበችም። ዓይኗም ደክሟል። አላነበበችም።

ጥቅምት 28

እማዬ ከእንቅልፏ ስትነሣ መምሬ ወልደ ጻድቅ ይጠሩልኝ አለች። የገጠሩ የንስሐ አባቷ ካረፉ ወዲህ እሳቸውን ይዛለች፤ ግን ከተማ ከገባች ጀምሮ ገና አልተገናኙም። እዚህ ሰው ሁሉ ወይዘሮ ጌታነሽ ነው የሚላት፤ ስመ ክርስትናዋን የሚያውቅ የለም።

«በቅዳሴ ስሜ ይጠራልኝ። ሂጂና ስጫቸው» አለችና ጆሮዬን ወደ አፏ ጠራችው። ነገረችኝ። ይህን ያህል ዘመን ልጇ ሆኜ አላውቀውም ነበር።

«ለመምሬ ብቻ። ሰው ፊት እንዳትይው። ሰው የሚጎዳው በስሙ ነው።»

ለመምሬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልደገሙትም።

የሳጥኑ ቃል እስከ ዛሬ የተወለድኩበት ዓመት ነበር። ምንይሉ ሰምቶ «የአንደኛ ክፍል ልጅ ይፈታዋል። መዝገብ ላይ የሌለ፣ ማንም የማያውቀው ቃል ይሁን» ብሎኝ ነበር። ከመምሬ ቤት ስመለስ አጥር ተጠግቼ ቆምኩና ቀየርኩት።

እዚህ አልጽፈውም።

አደራዋን በሰጠችኝ በሰዓቱ ነው ለቁልፍ ያዋልኩት። ግን እንደዚያ ያለ ቃል ሌላ የለኝም።

ኅዳር 3

ወዳጆ መጣ። እማዬን ሲያያት በሩ ላይ ቆመ።

«ጾሙ ገና አልገባ፣ ምን አከሳት?»

«ምግብ እንቢ ብሏታል።»

«ዓርብ ባዶዬን ነው የምወርደው። አዲስ አበባ ድረስ ልውሰዳት፣ አንድ ደህና ሐኪም ይያት።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱን ለእኔ ተይው። መንገዱ ሥራዬ ነው።»

«ጨጓራ ነው ተብሏል እኮ። መድኃኒቱን ትጨርስ።»

እማዬ ከአልጋዋ ትሰማለች። «ተው ልጄ፣ ጎማህን አትጨርስ» አለችው። ግንባሯን ስሞ ሄደ።

በኋላ እማዬ ለእኔ፦ «ወዳጆ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ነው። ሐሳብ አትጫኚበት።»

የትኛውን ሐሳብ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሷ ራሷ አትጫኚበት ካለች እኔ ምን አደርጋለሁ?

ኅዳር 5

ዓርብ። መንገዱ ክፍት ነው። ወዳጆ ባዶውን ወረደ።

ኅዳር 13

መንገድ ተዘጋ። ከትናንት ጀምሮ ከደብረ ብርሃን የመጣ መኪና የለም። መናኸሪያው ላይ የተኙት ውሾች ብቻ ናቸው። ወዳጆ እዚያው ቀርቷል፣ ደህና ነው።

እስኪነጋ ተኛሁ። ከጥቅምት ወዲህ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም። በመዘጋቱ ደስ ብሎኝ አይደለም። ደክሞኝ ነው።

«ከቻላችሁ» ነው ያለችው። እንግዲህ አልቻልንም።

ኅዳር 23

መንገዱ ከተከፈተ ሦስት ቀን አለፈው። ውርጩ ጎመኑን አቃጥሎታል። የእማዬ ዓይን ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ መጀመሪያ የመስኮቱ ብርሃን መስሎኝ ነበር።

ምንይሉ እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ ያለቀለት ስሪት ወጣ! ያንን ይጣሉት። እንዲህ ሳያዙት አይለፈልፍም።»

«ሳጥኑስ?»

«ሳጥኑ አይሻገርም። ቤታው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲያውም ለእርስዎ ጓደኛ ይሄ አይሻላትም?»

ይሻላታል። አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ ያ ሁሉ ጥያቄ ከነቀኑ የለም። ማንም አያገኘውም። አውራ ጣቴን አስጠግቼ ቆየሁ። አልነካሁትም። ያ ከጠፋ እማዬ ምን እንዳለባት የሚያውቅ ነገር በቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር አይኖርም።

«ሌላ ጊዜ» አልኩት።

«እንደፈለጉ» አለ። ፊቴን አየና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ታኅሣሥ 4

ወዳጆ መጣ። በጣቱ የእማዬን ዓይን ገለጥ አድርጎ አየ፣ ልክ የሞተር ዘይት እንደሚያይ።

«ይሄ ጨጓራ ነው?»

«የጉበት ነገርም ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«ማን አለ?»

መልስ ስፈልግ ስልኬን ከጠረጴዛው አነሣ። ራሱ ሊጠይቅ ነው። ሳጥኑ ላይ ደረሰ።

«ቃል አስገባ ይላል። ምን ደብቀሽ ነው? ሰው ሽማግሌ ልኮብሽ ነው?»

«የፈተና ጥያቄ ነው። ተማሪ እንዳያየው ነው።»

«እኔ ተማሪ ነኝ?» ይነካካል፣ ይስቃል። «እፀገነት… እንቢ። ወዳጆ… እሱም እንቢ፣ አትወጂኝም ማለት ነው። ጌታነሽ… በእማዬም ስም እንቢ አለ!»

እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ልነጥቀው አልደፈርኩም። እማዬ ከአልጋዋ ዞራ ሁለታችንንም አየችን።

«ስጣት» አለች።

ሰጠኝ።

ታኅሣሥ 9

መምሬ መጥተው አቆረቧት። ከዚያ ፊት በሩን ዘግተው ብዙ ቆዩ። እኔ ውጪ ነበርኩ። ሲወጡ «አይዞሽ ልጄ፣ እናትሽ ብርቱ ናቸው» አሉኝ። እጄን አጥብቀው ይዘው ነው።

እማዬ መግነዟ ከሣጥኑ ሥር፣ ከአባዬ ጋቢ በታች መሆኑን ነገረችኝ። ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል።

ታኅሣሥ 12

አልበላችም። ውሃ በማንኪያ። ክፍል አልገባሁም፤ ይህን የምጽፈው ደብተሩን ቤት አምጥቼ ነው። አሁን ማንበብ አትችልም።

ኔትወርክ የለም። ስለ ማስታገሻ ያስቀመጥኩትን ከሳጥኑ አወጣሁ። የሚለው መድኃኒት ጤና ጣቢያው ውስጥ የለም፤ ነርሷ ስሙንም አልሰማችውም።

በቀን ስንት ጊዜ ስሟን እጽፋለሁ። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ታቃስታለች፣ እኔ ስሟን እጽፋለሁ።

ከሰዓት ሲሻላት ጠየቅኋት። «እማዬ፣ አዲስ አበባ ልውሰድሽ?»

«አሁን?» አለች። ወደ ግድግዳው ዞረች።

ለምን «አሁን» እንዳለች አላውቅም። ደክሟት ነው።

ታኅሣሥ 16

እማዬ ጠዋት አረፈች። ወዳጆ መንገድ ላይ ነበር። ደርሷል።

ታኅሣሥ 17

አስካለ ማርያም።

አሁን ልጽፈው እችላለሁ። ሁሉም ሰምቶታል።

ነፋሱ የመምሬን ጥምጥም ሊወስደው ይታገላል። ሕዝቡ ቆሟል። እኔ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ወንበሩ አስባለሁ። መምሬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ አመትከ አስካለ ማርያም» አሉ። ከዚያ እንደገና። ከዚያም እንደገና። ጆሮዬ ውስጥ በሹክሹክታ የገባው ስም መቃብሩ ላይ እየተጮኸ ነው።

«አስካለ ማርያም ኖሯል ስሟ» አሉ ከኋላዬ አንዲት ሴት። እታገኝ በስሙ አለቀሰች። «አስካለ ማርያም እህቴ፣ ዛሬ ነው ወይ የምሰማሽ!»

ሰው ሲቀበር በስመ ክርስትናው እንደሚጠራ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የስንት ሰው ቀብር ቆሜያለሁ። የአባቴንም እንደዚያ ነው የሰማሁት። ቃሉን ስመርጥ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። የማትሞት ሰው ስም አድርጌ ነው የያዝኩት።

ወዳጆ ከጎኔ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አብሮ አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ስንመለስ ጠየቀኝ። «ስሟን ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

በሩን ከፍቶ አስገባኝ፣ እንደ እንግዳ።

ታኅሣሥ 18

ሰው ብዙ ነው። ጓዳ ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። «ቃል ቀይር» የሚለውን ነካሁ። ፕሮግራሙ ደረቀ፣ ተዘጋ። «ስህተቱን ለሠሪዎቹ እንላክ?»

ላክ አልኩት። ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል አለኝ።

እንደገና መሞከር እችል ነበር። ማጥፋትም እችል ነበር፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው። የእታገኝ ድምፅ ጠራኝ፣ ውሃ አልቋል አለች። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጊዜ አላጣሁም። አልነካሁትም።

ታኅሣሥ 19

ሣልስቷ ነው። ካህናቱ በልተው ሄዱ። ምንይሉ ከመምህራኑ ጋር መጥቶ ነበር፤ አግዳሚ ሲሸከም ዋለ። ሰዉ ድንኳን ውስጥ ነው።

ወዳጆ እማዬ ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ጠራኝ።

«ስልክሽን ስጪኝ።»

«ለምን?» አላልኩትም። እሱም ምክንያት አልፈጠረም። ሰጠሁትና በሩ ላይ ቆምኩ።

ጣቱ ወፍራም ነው፤ ግራሶ ከጥፍሩ ሥር አይለቅም። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ከዚያ ስመ ክርስትናዋን ፊደል በፊደል እያለ ጻፈው፣ በእማዬ ዜማ። ተከፈተ።

ለረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ድምፁን አወጣ።

«ጥቅምት 19። የቆሽት ዕጢ ይድናል ወይ።» ለእኔ አልነበረም የሚያነበው። «ጥቅምት 19። ሳይቆረጥ ምን ያህል ይቆያል። ኅዳር 3። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ለታመመ ሰው መንገዱ ይከብዳል ወይ።»

ቆመ።

«ኅዳር ሦስት» አለ። «ዓርብ ባዶዬን ልወርድ ነው ያልኩሽ ቀን ነው።»

«አዎ።»

«ኅዳር 13። ሐኪም ከቻላችሁ ካለ ምን ማለቱ ነው።» ቀና አለ። «ሐኪሟ ብላ ነበር?»

«ብላ ነበር።»

ስለ አባታችን ልነግረው ነበር። ስለ ኮሪደሩ፣ መልሰው ስለ ሰፉት ሆድ። አዘጋጅቼው ነበር፣ ከጥቅምት ጀምሮ።

ስልኩን ፍራሹ በተነሣበት አልጋ ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

«መንገዱ ሥራዬ ነው ብዬሽ ነበር» አለ።

በአጠገቤ አልፎ ወጣ። በድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን በጓሮ በኩል ዞረ። መኪናው ሲነሣ ሰማሁ። የሚሄድ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሄደም። ይህን ስጽፍም ሞተሩ እየሠራ ነው፤ መኪናው ካለበት አልተንቀሳቀሰም።